ቻናል አራት

ልጄ ለልደቱ ከተሰጡት ሁለት የመነጋገሪያ ሬዲዮዎች አንዱን እጄ ላይ አስቀመጠ፤ ስትናገሪ መጫኛውን በተን ተጫኚ፣ ስትጨርሺ ልቀቂ ብሎ በእንግሊዝኛው አስተማረኝና ሌላውን ይዞ ወደ ጓሮ ሮጠ። በተኑን ስለቀው የተሰማው ሽሽ የሚል ድምፅ እዚህ አሜሪካ፣ ሞንትቤሎ ካለው ኩሽናዬ አንስቶ ኦሮራ ወደሚገኘው የልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ እርጥብ ምንጣፍና የቀለም እርሳስ ወደሚሸትበት ክፍል ወሰደኝ።

ሕንፃው የእኛ አልነበረም፤ እሑድ ከሰዓት ከአሜሪካኖቹ ተከራይተን እናመልክበታለን። የመኪና ማቆሚያው ስለማይበቃ፣ ጎረቤት ያለው ሱቅም በራሱ ግቢ የቆመውን መኪና ሁሉ በቶው፣ በጎታች መኪና፣ ስለሚያስነሳ፣ የፓርኪንግ አገልጋዮች እንዲህ ያለ ፈቃድ የማይጠየቅበት፣ ቻናሉን የገጠመ ሁሉ የሚሰማው ሬዲዮ ይዘው በየበሩ ይቆማሉ። አባዬ የኋላው በር ላይ ነበር።

አባዬ ሰላም ሳይል ጉዳይ መናገር አይችልም። በተኑን ተጭኖ ጤና ይስጥልኝ ይላል፣ እንዴት ሰነበታችሁ ይላል፣ ቤተሰቡን ይጠይቃል፣ ጌታን ያመሰግናል፣ ከዚያ በኋላ ነው አንድ ባዶ የመኪና ቦታ እንዳለ የሚናገረው። እሱ እስኪለቅ ሌላው መናገር ስለማይችል መኪኖቹ መንገድ ላይ ተሰልፈው ክላክስ ያደርጋሉ። አንድ እሑድ የአገልጋዮቹን አለቃ የጋሽ በቀለን ልጆች ጤና በየስማቸው ሲጠይቅ፣ የጋሽ በቀለ የራሳቸው መኪና በቶው ተወሰደ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ በቀለ ወደ እኛ ክፍል ወረዱና፣ ልጅ ሲያለቅስ ወላጅ የሚጠራበትን ሬዲዮ ከቻናል አራት ሌሎቹ አገልጋዮች ወደተዛወሩበት ወደ ሰባት አዞሩት።

«የኋላው በር ላይ ላሉት እንዳትነግሪያቸው» አሏት አስተማሪያችንን። «እሳቸው ሰላምታ እስኪጨርሱ እኛ ጡረታ እንወጣለን።»

አስተማሪያችን ሳቀች። እኔ ጠረጴዛው ሥር የኖኅን መርከብ ቀለም እየቀባሁ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ሲወጡ ጭንቅላቴን ደበስ አደረጉኝ።

ልጆቹ መዝሙር ሲጀምሩ ሬዲዮውን ወስጄ ጥግ ላይ ወደ አራት መለስኩት። አባዬ ሰላምታውን ይጨርሳል፣ «ይሰማል?» ብሎ ይጠብቃል፣ ሰው ሲያጣ ደግሞ ከጤና ይስጥልኝ ይጀምራል። ድምፄን እንደ ወንድ አወፍሬ «ይሰማል» አልኩት። ደስ አለው። ልጆቼ ደህና መሆናቸውን ጠየቀኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሁሉም ደህና ናቸው፣ ጌታ ይመስገን አልኩ። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ አሳለፍን። ወደ ኋላው በር መኪና መላክ ትተው ስለነበር፣ እሱ ባይሰማም የጎደለ ሥራ አልነበረም።

ከዚያ አንድ እሑድ ከባድ በረዶ መጣ። አምልኮው ተቋረጠ፣ ጋሽ በቀለ በቻናል ሰባት ጠርተው አገልጋዮቹን ሁሉ አስገቡ፣ እኛም ለጸሎት ወደ ላይ ተወሰድን። ዓይኖች ሁሉ ተጨፍነው ሳለ ሾልኬ ወረድኩና ሬዲዮውን አነሳሁ። የአባዬ ድምፅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ሰላምታ አልነበረውም።

«ልጄ፣ በጣም በረደኝ። ልግባ?»

«ግባ አባዬ» አልኩት፣ በራሴ ድምፅ።

ሲገባ በሩ ላይ ጋሽ በቀለ፣ ውይ ረሳንዎ፣ በረዶውንም ሰላም ሲሉት ነው የቆዩት ብለው ሰዉን አሳቁ። አባዬ በደነዘዘ እጁ ሁሉንም ጨበጠ፣ የጋሽ በቀለንም ልጆች በየስማቸው ጠየቀ። የግራ ጆሮው ጫፍ በብርዱ ነጥቶ ነበር፤ በኋላ ጠቆረና ሐኪም ቆረጠው። በሚቀጥለው እሑድ እዚያው በር ላይ ቆመ። ስለ ድምፄ እሱም አላነሳ፣ እኔም አልነገርኩት።

አምና ስንቀብረው ጋሽ በቀለ ስለ ትዕግሥቱ ረጅም ንግግር አደረጉ። ማንም ቻናል አልቀየረባቸውም።

አሁን ኩሽናዬ ውስጥ በተኑን ተጫንኩ። ልጄን ጤና ይስጥልኝ አልኩት፣ እንዴት ዋልክ አልኩት፣ በረዶው እንዳይመታህ፣ ጌታ ይባርክህ አልኩት። ለቀቅኩት። ሽሽ የሚለው ድምፅ ብቻ ነው። በመስኮቱ ሳይ ሬዲዮውን አፉ ላይ ደቅኖ የራሱ ሬዲዮ ካለው የጎረቤት ልጅ ጋር ይሳሳቃል፤ ቻናል ቀይሯል።

«ይሰማል?» አልኩ፣ ጥቂትም ጠበቅኩ።

አባዬ ግን፣ ተመስገን፣ የሚመልስለት ነበረው።