ጠባቡ መሮ

አናጢው ከማረሚያ ቤት ሲወጣ አንድ ፌስታልና አንድ ልማድ ይዞ ነበር። ፌስታሉን እህቱ ገና በር ላይ ተቀብላ ጣለችው። ልማዱ ግን አብሮት ቀረ።

ስድስት ዓመት በታሰረበት ግቢ እንጨት ሥራ ያስተማሩት መምህር የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ ግድግዳው ላይ በጥቁር ቀለም አስምረው ነበር። ሥራ ሲያበቃ ሁሉም ዕቃ ቅርጹ ላይ ይሰቀላል። አንድ ከጎደለ ማንም ንቅንቅ አይልም። ሲሟላ ዘቡ "ሙሉ!" ይላል፤ በሩ ይከፈታል። አንዴ አንዲት ጉጠት ከሰጋቱራ ሥር እስክትገኝ ሠላሳ ሰው ራቱ ቀዝቅዞበታል።

የመልሶ ማቋቋሚያው ፕሮግራም አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ውስጥ ለሦስት ወር ሙከራ አስገባው። ሦስት ወር ሲሞላ ባለድርጅቱ ቅጽ ላይ "ይቀጠር" ወይም "አይቀጠር" ብሎ ይፈርማል። "አይቀጠር" ከተባለ ወደ ተጠባባቂዎች ዝርዝር መመለስ ነው። እዚያ ዝርዝር ላይ ሁለት ዓመት የደፈኑ ሰዎች ያውቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ገባና አዲስ የተቀባውን ግድግዳ በመጋዝና በመዶሻ ቅርጽ አዥጎረጎረው።

"ምን ነካህ ሰውዬ!" ባለድርጅቱ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። "ግድግዳዬን የሕፃን ደብተር አደረግከው እኮ!"

"ዕቃ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ጋሼ።"

"እዚህ እስር ቤት አይደለም። ቆጠራ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!"

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ "ቆጠራ" ሆነ። እሱም ዕቃውን ቅርጹ ላይ እየሰቀለ፣ አፉን ዘግቶ በዓይኑ ብቻ መቁጠሩን ቀጠለ።

የሙከራው የመጨረሻ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የፕሮግራሙ ሠራተኛ ቅጹን ይዛ መጣች። ደጅ ላይ አንድ የሕፃን አልጋ ፒካፕ ላይ ተጭኗል፤ ጠዋት መሳቢያው አልገባ ብሎ ሲያስቸግር ያረፈደ አልጋ ነው። የገዙት ሽማግሌ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል። ባለድርጅቱ እስክሪብቶ አወጣ። አናጢው ግድግዳውን አየ። የጠባቡ መሮ ቦታ ባዶ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የለም። ከሥሩም የለም። የፒካፑ ሞተር ተነሳ። ዝም ቢል የቀረው አንድ ፊርማ ነበር። ወጣና መኪናው ፊት ቆመ።

"ጠባቡ መሮ ጎድሏል። ሳይገኝ ማንም አይሄድም።"

"ኧረ ቆጠራ፣ ፍታን!" አለ ቀለም ቀቢው እየሳቀ። "እኛ ፍርዳችንን ጨርሰናል!"

ባለድርጅቱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወጣ። "ደንበኛዬን ልታግት ነው? ቅጹን ገና አልፈረምኩም፣ ልብ አድርግ።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

ፒካፑ ላይ ወጣ። መሳቢያውን ከፈተ፤ የለም። ፍራሹን አነሳ። መሮው እርብራቡ መሐል ተሰክቷል፣ ስለቱ ወደ ላይ።

ሽማግሌው ወርደው መሮውን ተቀበሉት፣ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከሩና መለሱለት። "ለልጅ ልጄ ነው አልጋው" አሉ።

"የትኛችሁ ናችሁ እዚህ የረሳችሁት?" ባለድርጅቱ አፈጠጠ።

ቀለም ቀቢው ጭንቅላቱን አከከ። "ጋሼ... ጠዋት መሳቢያውን ያስተካከሉት እርስዎ ነዎት።"

የፕሮግራሙ ሠራተኛ ቦርሳዋ ውስጥ የምትፈልገው ነገር ድንገት በዛባት። ባለድርጅቱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቅጹን የፒካፑ ኮፈን ላይ ዘረጋና "ይቀጠር" ላይ ምልክት አድርጎ ፈረመ።

"ግድግዳውን ግን ታስተካክለዋለህ" አለ።

"ላጥፋው?"

"ለሜትሬ ቦታ የለውም። ጨምርበት።"

ሰኞ ሥራ ሲያበቃ ሁሉም ዕቃውን ሰቀለ። ባለድርጅቱ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ቆመ።

"ሙሉ ነው?"

"ሜትሩ ጎድሏል ጋሼ።"

ባለድርጅቱ ኪሱን ዳሰሰ፣ አጉረመረመ፣ ሜትሩን አውጥቶ ሰቀለ። "አሁንስ?"

"ሙሉ" አለ አናጢው፤ በሩንም ራሱ ከፈተው።