እናቴ ያልተቀመጠችው ለቅሶ

እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሞቻለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ግን መካነ ሰላም አጠገብ ባለችው መንደራችን ዛሬም «የሞተችው ልጅ ቤት የት ነው?» ብትሉ ወደ እኔ በር የሚጠቁማችሁ አታጡም። ድንኳን ተተክሎ ያልተለቀሰልኝ በአንዲት ሴት እንቢታ ብቻ ነው፤ እሷም እናቴ ናት። በእሷ የምኮራውን ያህል በምንም ነገር ኮርቼ አላውቅም።

ወደ ዓረብ አገር የሄድሁት ደርግ ከወደቀ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሞባይል ግን ገና እኛ ጋ ሳይደርስ ነው። ያኔ ስልክ ለመደወል ከተማ ወጥቶ ወረፋ መጠበቅ ነበር። የቄስ ልጅ ነኝ። ደላላው ግን «በክርስቲያን ስም አያስገቡም» ብሎ ፓስፖርቱን በሙስሊም ስም አወጣልኝ። የመሄጃዬ ዕለት ማተቤን ፈትቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ተቀብላ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

የገባሁበት ቤት በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ስልክ መንካት ክልክል ነው። አብረውኝ የሄዱት ያገሬ ልጆች የት እንደገቡ አላውቅም፤ እነሱም የእኔን አያውቁም። ቤተሰቦቼ በልጅነት ስሜ ቢጠይቁ እዚያ የሚያውቀኝ የለም፣ አዲሱን ስሜን ደግሞ አገር ቤት የሚያውቅ የለም። ድስት ሳጥብ ቧንቧውን ለቅቄ በውኃው ድምፅ ተከልዬ «አባታችን ሆይ» እል ነበር። ስሜ ስለተለወጠ እግዚአብሔር አያውቀኝም ብዬ አልሰጋሁም። የሰጋሁት እናቴ ተስፋ እንዳትቆርጥ ነው።

በሁለተኛው ዓመት አንዲት ልጅ ከዓረብ አገር ወደ አጎራባቻችን ወግዲ ተመለሰችና «የመካነ ሰላም የቄስ ልጅ ከፎቅ ወድቃ ሞተች ሲሉ ሰማሁ» አለች። ወሬው ከሰው ሰው እየዞረ መንደራችን ደረሰ። መርዶ በእኛ አገር የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ። የዚያን ማለዳ ነገር የነገረችኝ አጥር የምንጋራት ሙስሊም ጎረቤታችን ናት።

«ጠንከር በይ እንግዲህ። ልጅሽን አምላክ ወስዷታል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«ቀብሯ ላይ የቆመ አለ?» አለች እናቴ።

«የለም።»

«ሬሳዋን ያየስ?»

«እሱም የለም፤ ግን ከዓረብ አገር የመጣችው ልጅ...»

«እንግዲያው ብርድ ላይ አትቁሙ። ግቡና ቁርስ ቅመሱ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ማተቧን ፈትታ ሄዳ ነው የተቀጣችው» ብሎ አጉረመረመ። እናቴ ዞር ብላ «እሷ ማተቧን ብትፈታ፣ እግዚአብሔር እጇን አይለቅም» አለችው።

አባቴ ግን አምኖ ነበር። ጥምጥሙን አውልቆ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ተይ አንቺ ሴት፣ ልጄ ያለ ፍትሐት አትቅርብኝ» አላት።

«እርስዎ የእግዚአብሔር ፍቅር አያልቅም እያሉ ሲያስተምሩ ስንት ዘመን ቆሜ ሰምቻለሁ። በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት የለም» አለችው።

አባቴም ፍትሐቱን አላደረገም።

በአገራችን ልጅ የሞተባት እናት ጠጉሯን ትላጫለች። እናቴ ቅቤ ይዛ አጥሩን ተሻገረችና ጎረቤታችን ጉልበት ሥር ተቀመጠች። «ሥሪኝ» አለቻት። «አላህ ያመጣታል፤ ቀና በይ» አለች ጎረቤታችን፤ እዚያው ደጅ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ሹሩባ ሠራቻት። ቅሬው፣ ማለትም የእኛ አገር የቀብር ማኅበር፣ ድንኳን ተሸክሞ ደረሰ፤ ሐዘንተኛዋ ሹሩባ ስትሠራ አየና ድንኳኑን እንደተሸከመ ተመለሰ።

አልፈራችም ብዬ አልዋሽም። ጎረቤታችን እንደምትለው ስትሠራት ማተቤ የተቋጠረበትን የመቀነቷን ጫፍ ጨብጣ አልለቀቀችም። ግን አንድ ጊዜ እንባ ቢያመልጣት መንደሩ «አመነች» ብሎ ድንኳኑን እንደሚተክል ታውቃለች። ስለዚህ አላለቀሰችም። ለሌላ ሰው ለቅሶ ስትሄድ እንኳ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ሹሩባዋ ሲላላ ፈትታ እንደገና ትሠራለች። ሰዉ «ልቧ ድንጋይ ነው» አላት። ድንጋይ! ያን ያሉት ሰዎች ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኔም ቀና በሉ አልላቸውም።

በአራተኛው ዓመት አሠሪዎቼ ወደ ሌላ አገር ሲሄዱ ፓስፖርቴን ሰጥተው አሳፈሩኝ። ከደሴ በአቀስታ አድርጌ መካነ ሰላም ወረድሁ፤ ከዚያ መንደራችን ድረስ በእግሬ ሄድሁ። መንገድ ላይ ያገኘኝ አንድ የማውቀው ሰውዬ አማተበና ሜዳ ለሜዳ ሸሸ። ምን ነካው ብዬ ገረመኝ።

እናቴ ደጅ ላይ ገብስ ታበጥር ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። መጥታ ከመቀነቷ ጫፍ ማተቤን ፈታችና አንገቴ ላይ አሰረችልኝ። ከቋጠረች በኋላ ጮኸች። የእነዚያ ዓመታት እንባ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ፤ ደረቷን እየመታች፣ በልጅነት ስሜ እየጠራች አለቀሰች።

መንደሩ እንዲህ ያለውን ጩኸት ያውቀዋል። «በመጨረሻ መርዶዋን ተቀበለች» ብሎ ወንዱ ጋቢውን፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ። የቅሬው ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመዋል። ከፊት አባቴ ነበር። አጥሩ በር ላይ ሲደርስ አየኝና የበሩን ግንድ ይዞ ቆመ፤ ከኋላው ያለው ሕዝብም ዋይታውን እንደ ጀመረ አፉን ከፍቶ ቀረ።

እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች። የለቀቀ ሹሩባዋን ወደ ኋላ መለሰች።

«ምን ትቆማላችሁ? ድንኳኑን ትከሉት እንጂ። ልጄ መጥታለች፤ ሰው ይበላል» አለች።

ተከሉት። ለእኔ ለቅሶ በመጣው ድንኳን ውስጥ ያን ዕለት ወጥ እየዞርሁ ያወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ።