ከደካ እስከ ቦንጋ ሳይጠፋ የመጣው ሞተር

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ልጅ ፒክአፑን ደጄ ላይ አስነስቶ ቁርሱን ሊበላ ገባ። በደብረ ብርሃን ብርድ ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ሌላው ሰው ሁካታ ይለዋል፤ እኔ ግን መኪና ነድቼ ባላውቅም ሚኒሞው ከፍ ማለቱን ከድምፁ ለየሁ። ሚኒሞ ማለት ነጂው ነዳጅ ሳይረግጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። ይህን ያስተማረኝ አድማሱ ነበር።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከፋ ውስጥ፣ ደካ በምትባል የወረዳ ከተማ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኜ ተመድቤ ነበር። የአገሩን ቋንቋ አልችልም። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይበላሻል፤ ሰውም በየቤቱ ይከተታል። ከሥራ በኋላ ከቆርቆሮው ላይ ዝናብ በቀር የሚያናግረኝ አልነበረም። ቀን ግን የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር አድማሱ ናፍጣ ሊቀዳ ይመጣል። የቦንጋ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል። ቀድቶ ሲጨርስ አይቸኩልም፤ በርሜል ላይ ተቀምጦ ስለ ሞተር ያወራኛል። ሌላ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ስለምነው የኖርኩት ዝውውር በነሐሴ ተፈቀደ። ሲመጣ ግን ያሰብኩትን ያህል ደስ አላለኝም። አድማሱ አትሂጂ ቢለኝ እንደምቀር አውቅ ነበር። እሱ ግን ቦንጋ ድረስ አደርስሻለሁ አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

የመኪናው ባትሪ ሞቷል። ናፍጣውም የሚያስመርጥ አልነበረም፤ አንዱ በርሜል ከነጋዴ የተገዛ፣ ሌላው ደጅ የከረመ። አድማሱ የነጋዴውን መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ አሻሸው። ቶሎ ደረቀ። ላምባ ተቀላቅሎበታል፣ ፓምፑን ይጨርሰዋል አለ። ደጅ የከረመው ደግሞ ውሃ ገብቶበታል፤ ውሃ ግን ከታች ስለሚዘቅጥ በርሜሉን ሳያናውጥ ከላይ ከላዩን በጎማ ቱቦ ስቦ ቀዳ። ያም ሆኖ ሞተሩ ይንተፋተፍ ነበር። መንገድ ላይ ቢጠፋ የሚገፋልን ስለሌለ ሚኒሞውን ከፍ አደረገው።

ቁልቁለት ላይ አስነስተን ወጣን። ጭጋጉ ጫካው ላይ ተኝቷል፤ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። ጋቢናው ውስጥ ከጩኸቱ የተነሳ መነጋገር አልተቻለም። አንድ ሁለቴ ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፈተ፤ ተወው። ከመንገድ ዳር አንዲት ሴት የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት አቀበለችን፤ ሞተሩን ሳናጠፋ በላን።

ቦንጋ መናኸሪያ ስንገባ የጅማው አውቶቡስ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። አድማሱ ሻንጣዬን አስጫነና ኮፈኑን ከፍቶ ካቻቪቴ አወጣ። ምን ልታደርግ ነው ብዬ ጮህኩበት።

"እንድንደማመጥ ትንሽ ዝቅ ላድርገው" አለ። "የምነግርሽ አለኝ።"

የሚኒሞውን ብሎን አዞረው። ጩኸቱ ወረደ፤ ለስላሳ ድምፅ ሆነ። አድማሱ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ወዲያው ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ።

የአውቶቡሱን መውጫ ዘግተን ስለነበር ረዳቱ መሳደብ ጀመረ። ጫኝና አውራጆች እየሳቁ መኪናውን ከበቡት። አድማሱ ገብቶ መሪውን ያዘ።

"እህቴ፣ ቆመሽ ታያለሽ እንዴ? ያንቺ ሰው አይደል? ግፊ እንጂ" አለኝ አንዱ።

አይደለም አላልኩም። ነጠላዬን አደግድጌ እጄን እርጥቡ ብረት ላይ አሳረፍኩና ከእነሱ ጋር ገፋሁ። መኪናው በሩን አልፎ ቁልቁለቱን ሲይዝ አድማሱ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ተነሳ። ከቆመ እንደገና ይጠፋበታል። እጁን በመስኮት አውጥቶ ሄደ። ዞሮ እስኪመጣ ልጠብቅ አልኩ፤ አውቶቡሱ ግን የሚጠብቅ ስላልነበር ተሳፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። በኋላ አገባሁ፤ ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ካረፈ ቆይቷል። አድማሱ ሊነግረኝ የነበረው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ለማን ሰጠሽው ሊለኝም ይሆናል። ብሎኑ ከዞረ በኋላ ሞተሩ እስኪጠፋ የነበረችው ጊዜ ግን አጭር ብትሆንም ለአንድ ቃል ትበቃ ነበር። ያን ቃል ከእሱ ስጠብቅ ኖሬአለሁ። እኔም አፍ ነበረኝ።