የሎሎጎ የትንኝ ቤት

ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ ፀረ ወባ የሚረጩ ልጆች ባቱ ያለው ቤታችን መጡ። ዕቃውን ሁሉ አውጥተን ግቢ ውስጥ ከመርነው፤ እነሱም ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ረጭተው ሄዱ። ሲደርቅ ባለቤቴ «ሽታው እስከ ማታ ይለቃል፤ ግቢ እንጂ» ብሎኝ ልጆቹን ይዞ ገባ። እኔ ግራሩ ሥር ቀረሁ። ሽታው አስጠልቶኝ አይደለም፤ እንጀራዬ ነበር። የጁባ የሥራ ባልደረባዬን፣ ቱትን ነው የሚያመጣብኝ።

ጁባ የሄድኩት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ ነው። የአገሬ ልጆች ሆቴል ሊከፍቱ ሲጎርፉ እኔ ትንኝ ላረባ ሄድኩ። ካስተም ገበያ አጠገብ ምግብ ቤት ያላት እትዬ ዘውዴ፣ ከጓሮዋ አንድ ክፍል ያከራየችኝ ሴት፣ «ሰው ከወባ ይሸሻል፣ አንቺ አገር አቋርጠሽ ትፈልጊያታለሽ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ነገሩ እውነት ስለነበር እኔም አብሬያት እስቅ ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ሎሎጎ በሚባል የጁባ ሰፈር በቆርቆሮ የተሠራ ለትርፍ ያልቆመ የምርምር ተቋም ነበር። የሥነ ሕይወት ሰው፣ የሂሳብ ሰውና ሐኪም አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለ አንዲት ትንኝ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ሐኪሙ ስለ በሽተኛው ያወራል፣ ሂሳበኛው ቁጥር አምጡ ይላል፣ እኛ ደግሞ «መጀመሪያ ትንኟ በሕይወት ትኑር» እንላለን። የጁባ መምህራንም እየመጡ ይሠለጥኑ ነበር፤ እንቁላሉን፣ እጩን፣ ትንኟም ክንፍ አውጥታ ስትነሳ በዓይናቸው አይተው ሄደው እንዲያስተምሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ሥዕል ብቻ ያስተማሩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ሸበቶ መምህር ትንኟ ከውኃው ላይ ስትነሳ አይቶ እንደ ልጅ ሲያጨበጭብ ትዝ ይለኛል።

የትንኝ ቤት በምንለው ክፍል ትንኞቹን በሕይወት የማቆየቱ ሥራ የእኔና የቱት ነበር። ቱት ኑዌር ነው። ጋምቤላ ተወልዶ፣ እዚያው ባዮሎጂ አስተምሮ፣ ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ «አገሬ» ብሎ የገባ። እንደ አባቶቹ ግንባሩን አልተበጣም፤ አማርኛውም የሰፈራችን ልጅ አማርኛ ነበር። ትንኝ እንቁላል እንድትጥል ደም ያስፈልጋታል። እኛ ጋ ይህ የሚደረገው በክንድ ነው፤ ተመርምረን ወባ እንደሌለብን ከታወቀ በኋላ በየተራ ክንዳችንን ከመረብ ሣጥኑ ውስጥ እናስገባለን። ቱት ተራዬን ይወስድብኝ ነበር። «የአንቺ ደም ሽሮ ብቻ ነው፣ ያከሳቸዋል» ይለኛል።

ምሳውን እትዬ ዘውዴ ጋ ነበር የሚበላው። ረቡዕና ዓርብ ጥብስ ባዘዘ ቁጥር «በእኔ ቤት ጾም አይሻርም!» ብላ ምስር ታቀርብለታለች። እያጉረመረመ ይበላል፤ ደግሞ ይጨምራል።

ያ ታኅሣሥ ደረቅና አቧራማ ነበር። አንድ እሑድ ማታ የመንግሥት ወታደሮች በጎሣ ተከፋፍለው እርስ በርስ ተታኮሱ። ሲነጋ የተኩሱ ነገር ተለወጠና ቤት ለቤት ኑዌር እየተፈለገ ይገደል ጀመር። ቱት ሌሊቱን እንዴት እንዳለፈ አልነገረኝም፤ ገና ጎህ ሲቀድ የጓሮውን በር አንኳኩቶ ገባ። እትዬ ዘውዴ ምንም አልጠየቀችም። ሽርጥ አስታጥቃ ሽንኩርት ፊቱ ደፋችለት። «ከዛሬ ጀምሮ ተስፋዬ ነህ፤ የእኔ ወጥ ሠሪ» አለችው።

ወታደሮቹ ከሰዓት በኋላ መጡ። አንደኛው ረጅምና የደከመው ሰው ነው፤ ቱትን አየውና፣ አምላኬ ሆይ፣ በአማርኛ ተናገረ።

«እናንተ አገር፣ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ነው ያደግኩት» አለ። «አንተ ከየት ነህ?»

«ከጋምቤላ። አባቴ ግን ደገኛ ነው።»

«ሥጋ አለ? ርቦኛል።»

ቱት ከሽንኩርቱ ቀና አላለም። «ጾም ነው ወንድም፣ የነቢያት። እስከ ገና እዚህ ቤት ሥጋ አይገባም።»

ወታደሩ ሽንኩርቱንና ሽርጡን አየ። ከዚያ «ሐበሻ ነው፣ ኻላስ፣ በቃ» ብሎ ጓደኞቹን ይዞ ወጣ። እትዬ ዘውዴ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። እኔ እጄ እስኪዝል ቱትን ይዤው ነበር።

ያዳነው አማርኛ ልቡን አሳበጠው ብዬ አስባለሁ። ረቡዕ ጠዋት ተኩሱ ጋብ ሲል ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

«ሰናይት፣ ትንኞቹ ዛሬ ካልበሉ እንቁላል አይጥሉም። ዘራቸው እዚያው ይቆማል።»

«ይቁም! ጁባ ትንኝ አነሳት እንዴ?»

«ይሄ ሌላ ነው። ሰላም ሲሆን መምህራኑ ይመጣሉ፤ ምን እናሳያቸው? ደግሞ ሥዕል?»

ተቆጣሁት፣ ለመንኩት። እሺ አለኝ። እኔና እትዬ ዘውዴ ውኃ ልንቀዳ ወጣን፤ ስንመለስ ሽርጡ ተጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እስኪመሽ በሩ ላይ ቆምኩ። አልመጣም።

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውሮፕላን ላይ ለእኔና ለእትዬ ዘውዴ ቦታ ተገኘልን። ናይሮቢ የገባው አለቃችን ደውሎ፣ መድረስ የምችል ከሆነ የትንኝ ቤቱን በደንቡ መሠረት እንድዘጋ ጠየቀኝ። ካስተም ጅምላ የሚያከፋፍለው ከድር በፒክአፑ ወሰደኝ። መንገዱ ላይ ያየሁትን አልጽፍም። እያንዳንዱን ፊት ግን አይቻለሁ፤ ቱት አልነበረም።

የትንኝ ቤቱ ሁለቱም በሮች በሥርዓት ተዘግተዋል። የስኳር ውኃው ጥጥ ተቀይሯል፤ የእጮቹ ምግብ ተበትኗል። ሣጥኑ ፊት ወንበር አለ። ትንኞቹ መረቡ ላይ አርፈዋል፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ቀዩ መጥቆር ጀምሯል። ትናንት የበላች ትንኝ እንዲህ ናት፤ ይህን የማውቀው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ደርሷል ማለት ነው። ክንዱን አስገብቶ፣ እስኪጠግቡ ታግሶ፣ በሩን ዘግቶ ወጥቷል። የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ደንቡ አጭር ነው፤ የትንኝ ቤት ጠባቂ ካጣ ትንኞቹ ይገደላሉ እንጂ አይለቀቁም፤ በሰው እጅ የረባን ትንኝ ሰፈር ላይ አይለቁም። እኔና ቱት ይህን ለስንት መምህር አስተምረናል። መርጫውን አንስቼ ቆምኩ። ከድር ጥሩንባውን ነፋ፤ «ያላ ሰናይት! ያላ! መንገዱ ሊዘጋ ነው!» በዓለም ላይ ከቱት የቀረ ሙቅ ነገር በትንኞቹ ሆድ ያለው ደም ብቻ መሰለኝ። ረጨሁ። አንድ በአንድ ሲወድቁ ቆሜ አየሁ፣ ከዚያ እጮቹን ደፋሁ። ጮኼ አለቀስኩ፤ ከድር መጥቶ በክንዴ ጎትቶ አወጣኝ።

ቱትን ሆስፒታልም፣ የተባበሩት መንግሥታት ግቢም በሰው አፈላለግን። ያየው የለም። ተቋሙም እዚያ ተመልሶ አልተከፈተም።

እናቱ ጋምቤላ ናቸው። በየዓመቱ ለገና እደውልላቸዋለሁ፤ በተሰባበረ አማርኛቸው የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነው። የሚቀበር ነገር እንኳ አልተገኘም ወይ ብለው የጠየቁኝ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። አልተገኘም አልኳቸው። ደንቡ ልክ ነው፤ ዛሬም ያው ቢገጥመኝ እረጫለሁ። ግን የደሙን ነገር እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

«ሥራ ቦታ ደርሶ ነበር?» ይሉኛል።

«ደርሷል፣ እማማ።»

«ሥራውን ሠራ?»

«ሠርቷል።»

«እሺ፣ ጎበዝ ልጅ» ይላሉ። ሥራው ምን እንደነበር ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እንዳይጠይቁኝ እጸልያለሁ።