ኮሌታው ውስጥ የቀረው

ይህን ለሚስቴ አልነገርኋትም። የንስሐ አባቴም ፊት ቀርቤ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይችን እየዘለልሁ ነው የኖርሁ። እናንተ ግን አታውቁኝም፤ ስለዚህ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ጎንደር ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርሁ። ፍርድ ቤት ልብስ ሲልክ፣ እድፉ ደም መሆን አለመሆኑን መርምሬ የምጽፈው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከሳንጃ ወዲያ ካለ ገጠር አንዲት እናት የልጃቸውን ካኪ ኮት ከፍርድ ቤት ደብዳቤ ጋር ይዘው መጡ። ልጁ ቀበሌ ታስሮ ሞቷል። የቀበሌው ሊቀመንበር በወባ ነው ይላል፤ እናትየው ደብድቦ ገደለብኝ ብለው ከሰዋል። ልጁ ከተቀበረ ቆይቷል፤ የቀራቸው ማስረጃ ያ ኮት ብቻ ነበር።

ስዘረጋው ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

«ምነው እማማ፣ አጠቡት?»

«ታዲያ ልጄ፣ እድፋም ልብስ ይዞ መንግሥት ቤት ይገባል?»

ደም ግን በአንድ እጥበት አይለቅም፤ ስፌት ውስጥ ይቀራል። ይህን አውቃለሁ፣ ሙያዬ ነው። ኮሌታውን ፈታሁት። እጥፋቱ ውስጥ ቡናማ ነገር አገኘሁ፤ መድኃኒቱን ጠብ ሳደርግበት ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ደም ነው። እኔ በዓይኔ አየሁት።

እናትየው ከመምጣታቸው በዋዜማው ሊቀመንበሩ ፒያሳ አግኝቶኝ ነበር። ትከሻዬን ይዞ «ወንድምህ ደህና ነው?» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ፈራሁ። ፍርሃት እጄን ይዞ ጻፈ ልበል? የጻፍሁት እኔ ነኝ፦ በልብሱ ላይ ደም አልተገኘም። ከዚያ ሌላ ሰው እንዳይፈትሸው ኮሌታውን በመርፌ መልሼ ሰፋሁት።

ሊቀመንበሩ በነፃ ተለቀቀ። እናትየው ኮቱን ሊወስዱ ሲመጡ ምን አልኋቸው መሰላችሁ? «እርስዎ ባያጥቡት ኖሮ ይገኝ ነበር።» ደሙን ያገኘሁት እኔ ይህን አልኋቸው። ማንም አላዘዘኝም። መሬት ላይ ቁጭ አሉና እጆቻቸውን እያዩ «ለካ እኔው ነኝ» አሉ። ኮቱን አጣጥፌ አቀበልኋቸው።

ሲነሡ ኮሌታውን ዳሰሱት፤ ክሩ አዲስ መሆኑን አዩ። «ተተርትሮ ኖሯል፤ ሰፋህልኝ? ሸጋ ልጅ ነህ፤ እግዜር ልጅህን አይንሳህ» ብለው መረቁኝ። አሜን አልሁ።

ከዓመታት በኋላ አገራቸው ሄጄ ጠየቅሁ። ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ልብስ አጥበው አያውቁም፣ የሚያጥብላቸው ጎረቤት ነበር አሉኝ።

ታዲያ ይቅርታ ማንን ልጠይቅ? እናንተንስ ምን ብዬ? ያን ወረቀት የጻፍኸው ፈርተህ ነው ብትሉኝ እሺ እላለሁ። ያን አሜን ግን ማንን ፈርቼ አልሁት?