ውሃ ያልተባለበት ካሴት

ሥልጠናውን የጀመርኩ ዕለት ሆሳዕና አዳራሽ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ከሾኔ፣ ከሆመቾ፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ የመጡት የሬዲዮ ጋዜጠኞች ሁሉ ኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ከጀርባዬ «ዘላቂ ልማትን በአካባቢያችን ቋንቋዎች እንዘግብ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። እኔ ሆሳዕና ሱቅ ከነበራቸው ጉራጌዎች ተወልጄ አዲስ አበባ በሬዲዮ አዘጋጅነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሀዲይኛ እሰማለሁ፤ ከምባትኛ ግን ከሰላምታ አላልፍም። ይህን ስነግራቸው እርስ በርስ ተያዩ። ከምባትኛ የማይሰማ ሰው በከምባትኛ መዘገብ ላስተምር ብሎ ከመጣ፣ ሌላ ጉዳይ ቢኖረው ነው ብለው ሳይጠረጥሩ አልቀሩም።

እኔም ጠርጥሬያቸዋለሁ። አንዱ ሰልጣኝ የቀለድኩትን ሳይቀር ሁሉንም ይጽፍ ነበር። በዚያ ዘመን ማንኛውም ስብሰባ ወደ ግምገማ ሊዞር ይችላል፤ ግምገማ ላይ ደግሞ ያኔ የሳቅክበት ነገር ይነሳብሃል። ልጁ ለማን ይጽፍ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ምናልባት ትጉ ተማሪ ብቻ ይሆናል።

የመጀመሪያው የመስክ ሥራ ቀላል ነበር። ሪባን ሲቆረጥ መዘገብ ሁሉም ያውቅበታል። ስለዚህ፣ ባለፈው ዓመት የተመረቀ አንድ ነገር ፈልጉና ዛሬም ይሠራ እንደሆነ የሚጠቀሙበትን ሰዎች ጠይቁ አልኳቸው። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ የማይሠራ ከሆነስ ምን እናድርግ ብሎ ጠየቀኝ። እንደማይሠራ ዘግቡ አልኩት። አልጻፈውም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዘገባው በአካባቢው ቋንቋ ካሴት ላይ ይቀረጻል፤ ከካሴቱ ጋር የአማርኛ ትርጉሙ በወረቀት ይቀርባል። የሬዲዮ ጣቢያው የፕሮግራም ኃላፊ አቶ ዳንኤል ማዳመጫ በጆሯቸው አድርገው፣ ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ መስመር በመስመር ያመሳክራሉ። የዱራሜ ሰው ስለሆኑ ከምባትኛው የአፍ መፍቻቸው ነው። ካልፈረሙ ምንም አይተላለፍም።

ማርታ የሺንሺቾ ልጅ ናት፤ አባቷ የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ከሰልጣኞቹ ሁሉ ጆሮዋ የተሻለ ነበር። ኮንትራቷ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ የሚታደሰውም በአቶ ዳንኤል ፊርማ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ሺንሺቾ አጠገብ ያለ ቀበሌ ሄዳ፣ ተመርቆ ውሃ ስለማይሰጥ ቦኖ፣ አማረች የምትባል ባለትዳር አነጋግራ ተመለሰች።

አቶ ዳንኤል ካሴቱን ሰምተው ሁለታችንንም አስጠሩን።

«ወረቀቱ ላይ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ ይላል» አሉ። «ካሴቱ ላይ ግን ሴትየዋ አንድ ጊዜ እንኳ ውሃ አላለችም። ‹ከብቶቹ የሚወርዱለት›፣ ‹እንስራው የሚሞላበት› ነው የምትለው። ምን ለማለት ነው?»

ማርታ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። የከምባታ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በስሙ መነሻ ድምፅ የሚጀምሩ ሌሎች ቃላትንም ለክብሩ ስትል ትተዋቸዋለች። የአማረች አማት አቶ ወልዴ ናቸው። በከምባትኛ ውሃ የሚባልበት ቃል ደግሞ አጀማመሩ እንደ ስማቸው ነው።

«ወጉን ለእኔ ታስተምሪኛለሽ?» አሉ አቶ ዳንኤል። «እናቴ ዕድሜ ልኳን የአያቴን ስም ሳትጠራ ኖራለች። የጠረጠርኩትም ለዚህ ነው። የተቃዋሚ መልእክት መደበቅ የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ከለላ ከየት ያገኛል?»

ምርጫ ቀርቦ ነበር፤ ሻይ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። አቶ ዳንኤል በአጭሩ ቆረጡት። ሴትየዋ እንደገና ተቀርጻ ውሃ ትበል፤ አለዚያ ካሴቱም አይተላለፍ፣ ኮንትራቱም አይፈረም።

በማግስቱ ከማርታ ጋር አብረን ሄድን። ሚኒባስ ውስጥ፣ ተቃዋሚዎቹ ዘንድ ዘመድ አለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ጋሼ፣ እርስዎም?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ሺንሺቾ አላናገረችኝም። አፈርኩ፤ ግን ጥርጣሬዬ ገና አልለቀቀኝም ነበር።

አማረች የመጣንበትን ስትሰማ ሳቀች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያንን ቃል ከማወጣ ከቤቱ ብወጣ ይሻለኛል አለች። ያላገባች የጎረቤት ልጅ አጠገባችን ቆማ ስለነበር፣ ቃሉን እሷ ትበለውና ከአማረች ድምፅ ጋር እንቀጥለው ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ማርታ መቅረጸ ድምፁን ዘጋች። የአንዷን ድምፅ በሌላዋ ስም አላስገባም፣ እንዲህ ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት አለችኝ።

አቶ ወልዴ ከማሳቸው መጡ። መሣሪያውን ከሩቅ አይተው ለመሬት ልኬት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ማርታ ነገሩን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ምራታቸው ፊቷን አዙራ ቆማለች። ሽማግሌው ደረቁ የቦኖ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጡና ማይኩን ከማርታ እጅ ተቀበሉ። የተናገሩትን ማርታ በኋላ ተረጎመችልኝ።

«ይህች ልጅ ስሜን ታከብራለች እንጂ የምትደብቀው የለም። እሷ የማትለውን እኔ ልበለው። ውሃ የለም። የምርቃቱ ዕለት የወረደውም ውሃ ሴቶቻችን ከምንጭ በጀሪካን አምጥተው ታንከሩ ውስጥ የጨመሩት ነው። አድርጉ ተብለው ነው ያደረጉት። እሷም ተሸክማለች።»

ሆሳዕና ስንመለስ አቶ ዳንኤል ይህን ሲሰሙ ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። የዚያን ምርቃት ዜና በሬዲዮ ያነበቡት እሳቸው ነበሩ። ሽማግሌውን እንዲህ በሉ ያላቸው ማን ነው ብለው ጠየቁ።

«ውሃ ይባል ያሉት እርስዎ ነዎት» አለች ማርታ።

አቶ ዳንኤል ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥነው እንደገና ሰሙት። ከዚያ ጀሪካኑን የሚመለከተው ወጥቶ ሌላው እንዲተላለፍ ፈቀዱ፤ ኮንትራቱንም ፈረሙ። ማርታ የፈረመውን እጅ እንጂ ፊታቸውን አላየችም። እኔም ደስ አለኝ፣ ተናደድኩም። የተቆረጠውን የሺንሺቾ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ቋንቋ ለሚዘግቡ ሰልጣኞቼ በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ሰዎች የማይናገሩት ነገር ካለ፣ መናገር የሚፈቀድለት ማን እንደሆነ ጠይቁ። እሱን ሳታነጋግሩም አትመለሱ።