እህቴ የለመነችኝ ሰዓት

ዛሬ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ጥንቅሽ በጥርሷ ስትልጥ ሰማሁ። ጥርቅ የሚለው ድምፅ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ፤ ጣፋጩ ውኃ አፌ ውስጥ የገባ መሰለኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከሚሴ ላይ በአንድ ሱቅ በረንዳ ልብስ እሰፋ ነበር። ከዙህር ሶላት በኋላ ግን የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ከጓደኞቼ ጋር ጫት ልቅም እሄዳለሁ፤ የሰው ጨርቅ ሳይሰፋ ይከርማል። ስንት ጊዜ ተውኩ እንዳልኩ አትጠይቀኝ። ትቼ እጄን አጣጥፌ እቀመጥና ሰዓቷ ስትደርስ እግሬ ራሱ ተነሥቶ ይሄድ ነበር።

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። የባቲ ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ ነገሩ ሁሉ አልቆ ሳለ፣ እንዲህ ሆኖ ጥየው አልሄድም ብላ ኒካዋን ሁለቴ አራዘመች። በእኔ የተነሣ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። በጣም አፍር ነበር፤ ሃፍረቱ ግን ጫቱን አላስተወኝም።

የጨፋ ሜዳ ማሽላ ሲደርስ አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ጥንቅሽ ታቅፋ በረንዳው ላይ መጣች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ነበር።

«ተው አልልህም፤ ስንቴ ብዬህ?» አለችኝ። «ይችን ሰዓት ብቻ ለእኔ ስጠኝ፣ ማሎ» ብላ ለመነችኝ።

ከዚያ በየቀኑ መጣች። እኔ እየላጥኩ፣ እያኘክን፣ የሰፈሩን ሰው እናማለን። ሐሜቱን ሌላ ጊዜ እንተወዋለን ትል ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተውነውም። የመጀመሪያው ሳምንት ግን መከራ ነበር። ያዛጋኛል፣ በሆነ ባልሆነው እነጫነጫለሁ። አንድ ሐሙስ ጓደኞቼ ዱዓ አለ ብለው ጠሩኝ፤ ዱዓው ላይ ጫት እንደማይቀር እያወቅሁ ሄድኩ። ቤት ስገባ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«አብሽር፤ ነገ እመጣለሁ» አለች። መጣችም።

ጥንቅሹ ሲያልቅ እሷ መምጣቷን አልተወችም፤ እኔም መጠበቄን። የተቆለለው ጨርቅ ሁሉ ተሰፋ። በመጨረሻ የሰፋሁት የእሷን የሰርግ ቀሚስ ነበር፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ የሰፋሁት ልብስ የለም።

ባቲ በገባች ማግስት ጓደኞቼ በበረንዳው ሲያልፉ ና አሉኝ። መታገል እንኳ አላስፈለገኝም፤ ጫቱ ትዝም አላለኝ። ዓይኔ እሷ በምትመጣበት መንገድ ላይ ነበር። እንደማትመጣ እያወቅሁ እስከ አስር ሶላት አዛን ድረስ ጠበቅኋት።